ይድረስ ለምግብ ቁጥጥር ኃላፊው፦ ያስረከብኳችሁን ዓሣ ለምን ጣላችሁት?

ክቡር ኃላፊ፣

በቃል ነግሬዎታለሁ፤ በጽሑፍም አስገብቻለሁ። መልስ ስላጣሁ አሁን ሰው ሁሉ እያየው እጽፍልዎታለሁ።

ጉዳዩን ያውቁታል። ታናሽ እህቴ ደሴ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት የዓሣ ዱለት በላች። ለብለብ ነበር። የዚያኑ ዕለት ሌሊት ሆዷን ሲቆርጣት፣ ሲያስመልሳት አደረ። ከዚያው ቤት ለቤት ብለን ያስጠቀለልነው ጥሬ ፊሌቶ ነበር። ጠዋት ስከፍተው ሥጋው ውስጥ እንደ ክር የተጠቀለለ ትል አየሁ። ይንቀሳቀስ ነበር።

እህቴን ያሳመማት ያ ትል ነው አላልኩም። ሐኪሙም አላለም። እኔ የጠየቅኩት እንዲመረመር ብቻ ነው። ሥጋውን ከነትሉ ብልቃጥ ውስጥ አድርጌ ለቢሮዎ ሠራተኞች አስረከብኩ። ውጤቱን ልጠይቅ ስመለስ «ሸተተን፣ ጣልነው» አሉኝ። አቤቱታዬን ስቀጥል ደግሞ «ማስረጃህ የታለ?» ተባልኩ። ማስረጃዬን የጣላችሁት እናንተ ናችሁ! ይህን እርስዎ ፊት ቀርቤ ስናገር ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «ዓሣ የግብርና ጉዳይ ነው» አሉኝ። ግብርና ሄድኩ። እዚያ ደግሞ «ምግብ ቤት ከገባ የጤና ነው» ተባልኩ። እናንተ ስትገፋፉ ዓሣው ሰው ሆድ ውስጥ ይገባል።

የበሬ ሥጋ ቄራ ላይ ተመርምሮ፣ ማህተም ተመቶበት ነው ሥጋ ቤት የሚሰቀለው። ጥሬ ሥጋ ስለምንወድ፣ ኮሶንም ስለምናውቀው፣ ይህ ለምን እንዳስፈለገ ማንም አይጠይቅም። ዓሣውስ? ከሐይቅ ከተማ ደሴ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በማዳበሪያ ከረጢት ተጭኖ ይመጣል። ኮምቦልቻ እስኪደርስ ደግሞ ሙቀቱ አለ። ማን አየው? ማን መረመረው? ጾም ሲሆን ዓሣ ቤቱ ሁሉ ይጨናነቃል። ያኔም የሚያይ የለም።

በሐይቅ ዓሣ ውስጥ ትል መኖሩ አዲስ ነገር አይደለም። ተመራማሪዎች ቆሮሶውን፣ አምባዛውንና ካርፑን መርምረው ጥገኛ ትሎች አግኝተዋል፤ ጥናታቸውም በ2014 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ኮንትራሲኩም የሚባለው ትል አድጎ የሚኖረው ዓሣ በሚበሉ ወፎች ሆድ ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከኩሳቸው ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚወጣውን እጭ፣ ማለትም ገና ያላደገውን ትል፣ ትንንሽ የውኃ ነፍሳት ይውጡታል፤ እነሱን ዓሣ ይበላቸዋል። ከዚያ እጩ ዓሣው ውስጥ ተቀምጦ ወፍ እስኪበላው ይጠብቃል። ሰው ዓሣውን ጥሬውን ከበላ መሀል ገባ ማለት ነው። ይህ ትል ሰውን የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው። ዘመዱ የሆነው የባሕር ዓሣ ትል፣ አኒሳኪስ፣ ግን ሰው በበላ በሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠትና ትውከት እንደሚያመጣ በደንብ የታወቀ ነው።

የምግብ ቤቱን ባለቤት ስጠይቀው «ሎሚና አዋዜ ይገድለዋል» አለኝ። አይገድለውም። ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ ትሉን አይጨርሰውም፤ ሚጥሚጣም እንደዚያው። ትሉ የሚሞተው ዓሣው ውስጡ ድረስ ሲበስል ነው፤ መሀሉ 63 ዲግሪ ሲደርስ። በጥሬው የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን መቀዝቀዝ አለበት። መብራት በሚጠፋበት ከተማ፣ ተራ ፍሪጅ ያለው ምግብ ቤት ይህን እንዴት ያደርጋል? ባለቤቱ ይህን አለማወቁ አያስደንቀኝም። የነገረው የለም። መንገር ያለባችሁ እናንተ ነበራችሁ።

ዓሣ አትብሉ እያልኩ አይደለም። የሐይቅ አሥጋሪዎች ልጆች የሚያድጉበት እንጀራ ነው። እኛም ቤት በደንብ የተጠበሰውን አሁንም እንበላለን። ቁጥጥር ቢኖር ከማንም በፊት የሚጠቀሙት አሥጋሪዎቹ ናቸው። አንድ ሰው ታሞ ወሬ ከተናፈሰ ገበያቸው በአንድ ቀን ይሞታል።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ለጤና አደገኛ የሆነ ምግብ ለሕዝብ እንዳይቀርብ መቆጣጠር ሥራዎ ነው፤ ደመወዝ የሚበሉበት ሥራ። ስለዚህ ዱለትና ክትፎ እያሉ ዓሣ በጥሬው ወይም ለብለብ የሚያቀርቡ ቤቶችን ባለሙያ ልከው ያሳዩ። ማቀዝቀዣቸው ስንት ዲግሪ እንደሆነ ይለካ። የማያሟላው ቤት አብስሎ ብቻ ይሽጥ። ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

ለእኔ ደግሞ ሁለት ነገር በደብዳቤ ይመልሱልኝ። ያስረከብኩት ብልቃጥ በማን ትእዛዝ ተጣለ? ከሐይቅ የሚመጣው ዓሣ ሳህን ላይ እስኪቀርብ የሚመረምረው የትኛው ክፍል ነው? አድራሻዬ አቤቱታዬ ላይ አለ፤ እሱንም ካልጣላችሁት።