12.1 ከ12.28 አይቀድምም

ይድረስ ለአዘጋጁ

ስለ ክለባችን ሪከርድ የተሰበረበት ዓመት ያወጣችሁትን ዘገባ ያነበበልኝ ልጄ ነው፣ ቡና እየወቀጥኩ ነበር፣ "እማ ሁለተኛ ሆነሻል እኮ" አለኝ። የምን ሁለተኛ ብዬ ዘነዘናውን አስቀመጥኩት። ለካ ከስር ባወጣችሁት የምንጊዜም ደረጃ ሰንጠረዥ በሴቶች 100 ሜትር የዘንድሮው 12.1 አንደኛ ተብሎ የኔ 12.28 ከሱ በታች ገብቷል። ስሜ ላይም አንድ ፊደል ጎድሏል፣ እሱን እንኳን ትቼዋለሁ። (አልተውኩትም።)

12.1 የሮጠችው ልጅ ላይ ወላሂ ቅሬታ የለኝም። ጠዋት ጠዋት ከጅሬን ዳገት ስትወርድ አያታለሁ፣ ጎበዝ ናት፣ ክለቡም ዘንድሮ አኩርቶናል። ችግሩ የናንተ ሂሳብ ነው።

ያ 12.1 እዚሁ ጅማ በስቶፕዋች የተያዘ ነው። እኔም መጨረሻው መስመር ጋ ቆሜ ነበር። ሰዓት ያዥ ስቶፕዋቹን የሚጫነው የሽጉጡን ጭስ ሲያይ ነው እንጂ ድምፁን ሲሰማ አይደለም፣ ድምፅ 100 ሜትር ለመምጣት ወደ 0.3 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ድምፅ ጠብቆ የተጫነ ሰው ለሯጯ 0.3 ሰከንድ መረቀላት ማለት ነው። የዛን ቀን ደሞ ከያዦቹ አንዱ ፀሐይ ሸሽቶ ፊቱን ወደ ዛፉ አዙሮ ነበር፣ ጭሱን በጀርባው ካላየው በቀር እንጃ። እሺ ጭሱን አየ እንበል፣ እጅ ያው እጅ ነው፣ ይዘገያል። ለዚህ ነው በእጅ የተያዘን 100 ሜትር ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ለማወዳደር 0.24 የሚደመርበት። ደምሩት እስቲ። 12.34 ይመጣል። 12.34 ከ12.28 የሚቀድመው የት ሀገር ነው?

ከራሷ አወጣችው እንዳትሉ፣ አሜሪካዊው ጂም ሃይንስ በ1968 እ.ኤ.አ. ሳክራሜንቶ ላይ በእጅ 9.9 ተያዘለት፣ የዛው ሩጫ የኤሌክትሮኒክስ ሰዓት ግን 10.03 ነው። ሰውየው አንድ፣ ሩጫው አንድ። ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደሞ እስከ 400 ሜትር ባለው ርቀት በእጅ የተያዘ ሰዓት ለዓለም ሪከርድ አይቀርብም። ንፋሱስ? ከኋላ የሚገፋው በሰከንድ ከ2 ሜትር ካለፈ ሪከርድ የሚባል ነገር የለም። በዛን ቀን ሜዳው ላይ ያየሁት የንፋስ መለኪያ የለውዝ ሻጯ ጃንጥላ ብቻ ነው፣ እሱም ተገልብጦ።

የኔ ሰዓት የተመዘገበው በ2002 ዓ.ም አዲስ አበባ ስታዲየም በፎቶ ፊኒሽ፣ ማለትም መጨረሻው መስመር ላይ ባለ ካሜራ በኤሌክትሮኒክስ ነው። እሺ፣ አዲስ አበባ ከጅማ ከፍ ስለምትል አየሩ ሳሳ ብሎ ለአጭር ርቀት ትንሽ ያግዛል፣ እሱን አልክድም። ግን ወደ 350 ኪሎ ሜትር በአውቶብስ ተቀጥቅጬ፣ በማግስቱ በተዋስኩት ስፓይክ ነው የሮጥኩት፣ አንድ ቁጥር ስለሚሰፋኝ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቅጥቄ፣ ምናልባትም የናንተን። ያኔ እንኳን የዘገባ አንድ መስመር አልደረሰንም። ቅብብል አብረውኝ የሮጡት ልጆች ደሞ ጭራሽ ሰንጠረዡ ላይ የሉም፣ አንዷ አጂፕ አካባቢ ሱቅ አላት፣ ሄዶ መጠየቅ ይቻል ነበር እኮ፣ ሻይም ትጋብዛችሁ ነበር።

የቀነኒሳን የ5000 ሜትር 12:37.35 ስትጽፉ መቶኛዋን አትስቱም፣ ደግ ነው፣ ረጅም ርቀት ስለሆነ። እኛ አጭር ርቀት ሯጮች ጋ ሲደርስ ግን ሩብ ሰከንድ ጠፍቶ ማንም አይፈልገውም። በ100 ሜትር ሩብ ሰከንድ ማለት እኮ ከ2 ሜትር በላይ ነው፣ ከዚህ ምድጃ እስከ በሩ፣ አሁን በእግሬ ለክቼዋለሁ።

ስለዚህ በእጅ የተያዙትን ለብቻ፣ የኤሌክትሮኒክሱን ለብቻ አድርጋችሁ ሰንጠረዡን አስተካክሉት። ልጅቷም ፎቶ ፊኒሽ ባለበት ሜዳ ትሩጥና ትቅደመኝ፣ የዛን ቀን ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ።

ስሜን ሰንጠረዡ ላይ ታገኙታላችሁ፣ አንድ ፊደል ጨምሩበት።

ከጅማ