ለወረዳችን የቤቶች አስተዳደር ኃላፊ፦ የኤሌክትሪክ ቁጠባውን ለማን ነው የሚሰብኩት?

ክቡር ኃላፊ፣

ማመልከቻዎቼ መዝገብ ቤት ገብተው ስለቀሩ፣ እንግዲህ ሰው ሁሉ እየሰማ ልጠይቅዎት።

ክረምት ሳይገባ ለእናቴ ክፍል ኮርኒስ ማሠራት ጀምሬ ነበር። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ልስኑ ረግፎ ማገሩ ይታያል። ከራሷ በላይ ያለው ባዶ ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ የሐምሌ ብርድ እንዳለ ይወርድባታል። ሥራው ሳያልቅ ደንብ አስከባሪዎች መጥተው አስነቀሉት፤ «በመንግሥት ቤት ላይ ያለ ፈቃድ መሥራት አይቻልም» ተባልኩ። ቺፕውዱንም ጭነው ወሰዱት፤ የገዛሁበት ደረሰኝ በእጄ አለ። ፈቃዱን ብጠይቅ ደግሞ «አካባቢው መልሶ ማልማት ውስጥ ስለሆነ ጥገና አይፈቀድም» አሉኝ። መቼ ነው የሚፈርሰው ስል መልስ የለም።

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወዲህ አከራያችን መንግሥት ነው። ኪራዩ ርካሽ መሆኑን በየስብሰባው ያስታውሱናል፤ እውነትዎን ነው። ግን ቤቱ ሊጠገን ሲል የመንግሥት፣ ሲያፈስና ሲበርድ የእኛ የሚሆነው በየትኛው መመሪያ ነው? እናቴ ሳል አለባት፤ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አላነድም፣ ሰው እንደሚገድል አውቃለሁ። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲነድ ያመሻል።

ቆጣሪው ደግሞ በግቢው ላለነው አምስት አባወራ አንድ ነው። እንደሚያውቁት የመብራት ታሪፉ በእርከን ነው፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይወደዳል፣ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ዝቅተኛው ነው። በየግላችን ብንለካ ከታችኞቹ እርከኖች ባልወጣን ነበር። ተደምረን ግን እንደ አንድ የሀብታም ቤት እየተቆጠርን በላይኛው እንከፍላለን። ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ ምጣድ የአምስት ቤት እንጀራ ሲጋገርበት የሚሆነውን ማስላት ለእርስዎ አይከብድም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመጣው ጭማሪ ደግሞ በዚሁ ላይ የተደረበ ነው።

ከአጥር ማዶ ያለው ባለ ካርታ ጎረቤታችን ኮርኒሱን አሠራ፣ ጣራው ላይ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ሰቀለ። ደግ አደረገ። የሚከለክለው የለም፣ ገንዘቡም አለው። በቢሮዎ በር ላይ የተለጠፈው «ኤሌክትሪክን በቁጠባ እንጠቀም» የሚለው ማስታወቂያ የተጻፈው ለእሱ መሰለኝ፤ ወረፋ ስጠብቅ በቃሌ ይዤዋለሁ።

የግል ቆጣሪ ለማስገባት የእርስዎ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልገናል፤ ጸሐፊዎ ግን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ከማለት ሌላ መልስ የላቸውም። ደብዳቤውን ይጻፉልን። አልጽፍም ካሉም የከለከሉበትን ምክንያት በፊርማና በማኅተም ይስጡኝ፤ ለክፍለ ከተማው የማቀርበው እሱን ነው።