ልጄ፣ መርዙን አንሺው

ልጄ፣ እንደምን አለሽ? ማሙሽስ? መዳህ ጀመረ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ።

ወንድምሽ ትናንት ማታ ደውሎ ነበር። እሱ እንደሆነ ወሬ አያሳድርም። «አባዬ፣ ያ አሮጌ ቤት አይጥ አለው። ምድጃው ሥር መርዝ በትናለች» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። ስልኩን ስዘጋ እናትሽ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። እንደ ልማዴ።

ስለዚህ ይሄን ደብዳቤ ሳትጨርሺ ተነሺ። ጓንት አድርጊና ምድጃው ሥር ያለውን መርዝ አንድም ሳይቀር ልቀሚው። ከነዕሽጉ ማሙሽ የማይደርስበት ቦታ ቆልፊበት። ዕሽጉን እንዳትጥዪው። ልጁ ምናልባት ቀምሶ ከሆነ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ የመርዙን ስም ነው። ከዚያ ተመልሰሽ አንብቢ።

አነሳሽው? እሺ።

የሚድህ ልጅ ወለል ላይ ያገኘውን ነገር ሁሉ በአፉ ነው የሚያየው። ብዙው የአይጥ መርዝ ደግሞ ቀይ ወይም ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ነው። ከረሜላ ይመስላል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት ምልክቱ ቶሎ አይታይም፤ ልጁ ለቀናት ደኅና መስሎ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ከጠረጠርሽ «እስቲ ነገ ልየው» የሚባል ነገር የለም። ዕሽጉን ይዘሽ ወዲያው ሐኪም ቤት። በራስሽ ግን አታስመልሺው። ደም እንዳይረጋ ለሚያደርገው ዓይነት ቫይታሚን ኬ ማርከሻው ነው። ማርከሻ የሌለው መርዝም አለ። ያንቺ የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። ብቻ ይነሳ።

አሁን ወደ አይጦቹ። መሳቢያው ውስጥ 40 ፍሬ ኩስ ቆጥረሽ አለቀስሽ አሉ። አይዞሽ የኔ እናት። አንዲት አይጥ ብቻዋን በቀን 50 እና ከዚያ በላይ ትጥላለች። ስለዚህ ጦር አልመጣብሽም፤ ያየሽው የአንዲት አይጥ የአንድ ሌሊት ሥራ ሊሆን ይችላል። ግን አትዘናጊ። የቤት አይጥ ካረገዘች በ3 ሳምንት ትወልዳለች፣ ባንዴም 5 ወይም 6 ወይም 8። እነዚያ ደግሞ ከተወለዱ በ6 ሳምንት አካባቢ ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ሒሳቡን አንቺ ትችይበታለሽ፤ ከእኔ አልወረስሽውም።

ቤቱን ስትከራዪ ባትሪ ይዤ ልምጣ ብዬሽ ነበር። «አባዬ ደግሞ» አልሽኝ። ይሁን። አሁን ግን አንድ እርሳስ ያዢ። የእርሳስ ውፍረት የሚያሾልክ ቀዳዳ ሁሉ አይጥ ያሾልካል። 6 ሚሊ ሜትር ይበቃታል። አሮጌ ቤት ደግሞ ሲከርም ይሰነጠቃል፣ ቧንቧ ሲቀየርለት የድሮው ቀዳዳ ክፍቱን ይቀራል፣ በሩ ከወለሉ ይሸሻል። ዕቃ ማጠቢያው ሥር ተንበርክከሽ ቱቦው ግድግዳው ውስጥ የሚገባበትን እዪ። ከምድጃው ኋላም እዪ። የውጭ በር ሥር፣ ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበትም እንዲሁ። ዞኮሎው ላይ ጠቆር ያለ፣ ቅባት የነካው የሚመስል መስመር ካየሽ መንገዳቸው እሱ ነው። ግድግዳ እየታከኩ ስለሚሄዱ የሰውነታቸው ቅባት ነው እንደዚያ የሚያጠቁረው።

ቀዳዳውን በጨርቅ ወይም በወረቀት እንዳትደፍኚ። ያን ቆራርጠው ጎጆ ይሠሩበታል፤ መኝታ አነጠፍሽላቸው ማለት ነው። ፎም ብቻውንም ያኝኩታል። ድስት የሚፈተግበትን የሽቦ ጥቅል አጥብቀሽ ጠቅጥቂና በላዩ ሲሚንቶ ወይም ስቱኮ ምረጊበት። ሰፋ ላለው የወንፊት ሽቦ ያስፈልጋል፤ እሱን እኔ አመጣለሁ። የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ ካየሽ ግን አትንኪው። ጥርሳቸው ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ ያገኙትን ሁሉ ይከረትፋሉ፣ ገመድም አይምሩም። ቤት የሚቃጠለው እንደዚህ ነው። ባለሙያ ጥሪ።

አሁን ስለ ድመታችን ስለ ውሮ ልንገርሽ። ለዚህ ብዬ ነው መሰለኝ ብዕር ያነሳሁት።

ልጅ ሳለሽ የኖርንበትን ቤት ታስታውሺዋለሽ። ሌሊት ኮርኒሱ ላይ ሲሮጡ አንቺ «ኳስ እየተጫወቱ ነው» ትዪ ነበር። ስድስት ዓመትሽ ነው። እናትሽ «ወጥመድ ግዛ፣ ቀዳዳውንም ድፈን» ብላ ስንት ጊዜ ነገረችኝ። እኔ ሰነፍኩ። ቀዳዳ መድፈን ቀን ይፈጃል፣ መርዝ መበተን ደቂቃ። በተንኩ። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን አንዲት አይጥ በጠራራ ፀሐይ ከማድ ቤት ወጥታ እየተንገዳገደች መሀል ግቢ ቆመች። ውሮ ያለ ምንም ልፋት አነሳቻት። እያየሁ ነው። እንዲያውም «ጎበዝ!» አልኳት። እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣው እሱ ነው።

የመርዙን ነገር በኋላ ነው የተረዳሁት። አይጧ በልታው ወዲያው አትሞትም። ቀናት ትቆያለች። እስከዚያ ትበላለች፣ ትዞራለች፣ መርዙን ሆዷ ውስጥ ተሸክማ። ከዚያ ስትደክም ለድመትም ለጉጉትም የተዘጋጀ ምሳ ትሆናለች። ያየሁት አንዷን ነው። ሳላይ የበላቻቸውን ፈጣሪ ይወቅ።

አንድ ማለዳ ውሮን እንጨት ቁልሉ ሥር አገኘኋት። ድዷ ነጥቷል፣ አፍንጫዋ ላይ ደም ደርቋል። ሳትነሺ ጓሮ ቀበርኳት። ስትነሺ «ውሮ የት ሄደች?» አልሽ። «ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች፣ ትመለሳለች» አልኩሽ።

ከዚያማ ማታ ማታ በጣሳ ክዳን ወተት እያደረግሽ በሩ ላይ ማስቀመጥ ጀመርሽ። እኔ ሌሊት ተነስቼ እደፋዋለሁ። ጠዋት ባዶውን ክዳን ይዘሽ «መጥታ ጠጥታለች!» እያልሽ ትሮጫለሽ። ከወር በላይ እንዲህ ሆነ። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ጣለኝና ሳልነሳ ቀረሁ። ማለዳ ስወጣ ወተቱ ጎድሏል። ክዳኑ ጠርዝ ላይ ሁለት የአይጥ ኩስ ቁጭ ብሏል። በእጅጌዬ ጠረግኩትና የቀረውን ደፋሁት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ። ዳዋዋ ውሮ ነበረች፤ አይጦቹማ ወተት እየጠጡ ነው።

የሞቱትም ቢሆን ሜዳ ላይ አይሞቱም። ግድግዳ ውስጥ ነው። ያ «የሞተ ነገር ይሸታል» እያልሽ አፍንጫሽን ይዘሽ የምትዞሪበት ሰሞን እሱ ነበር። ኮርኒሱን ግማሽ አፍርሼ ነው ያገኘሁት።

ስለዚህ መርዙን አንሺው። ሦስተኛዬ ነው፤ አራተኛም እላለሁ።

ሞላ ያለውን የእንጨት ወጥመድ ግዢ። አንድ ሁለት ሳይሆን ስምንት አስር። ሰው የሚሳሳተው አንዷን መሀል ክፍል አስቀምጦ «አልሠራም» ሲል ነው። ማታለያው ምግብ የሚቀመጥበት ጫፍ ግድግዳውን ነክቶ፣ ወጥመዱ ግድግዳውን ተከትሎ ሳይሆን ወደ ክፍሉ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። በመንገዳቸው ላይ፣ አንዱን ካንዱ በ2 ሜትር ያህል አራርቂ። የለውዝ ቅቤ የአተር ፍሬ ታህል ይበቃል። ብዙ ካደረግሽ ልሰው ይሄዳሉ። ቀን ቀን ሁሉንም ሰብስቢ፤ ማሙሽ ሲተኛ ብቻ አጥምጂ፣ ያውም ምድጃው ኋላና ቁም ሳጥን ውስጥ። ጣትሽን ጠብቂ። ሁለት ሦስት ሌሊት ምንም ካልያዘ ቦታውን ቀይሪ። አይጥ ከጎጆዋ ብዙ አትርቅም፤ 10 ሜትር ቢሆን ነው። የሚያጣብቀውን ዓይነት ግን እንዳትገዢ። በሕይወት እያለች ሌሊቱን ስትጮህ ታድራለች፣ አንቺ ደግሞ አንጀትሽ አይችልም። ሶኬት ላይ ተሰክቶ በማይሰማ ድምፅ ያባርራል የሚሉት ዕቃም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ይለምዱታል።

መሳቢያውን በመጥረጊያ ጠርገሽው ከሆነ ሁለተኛ እንዳትደግሚ። አቧራው ይነሳና ትተነፍሺዋለሽ። አንዳንድ የአይጥ ዝርያዎች የሚያስተላልፉት ሃንታ የሚባለው ቫይረስ በዚህ መንገድ ነው የሚገባው። መስኮት ግማሽ ሰዓት ክፈቺ። ጓንት። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጪና እስኪርስ አፍስሺበት፤ ከሌላ ማጽጃ ጋር ግን አትቀላቅዪው። 5 ደቂቃ ቆይተሽ በወረቀት አንሺውና ወረቀቱን አሽገሽ ጣዪ። የማሙሽን ልብስ ደግሞ በሙቅ ውሃ እጠቢው። እህሉን ሁሉ ክዳኑ ግጥም በሚል ቆርቆሮ ወይም ጠርሙስ ገልብጪ። ፌስታል ለአይጥ በር አይደለም። ማታ ዕቃ ሳታጥቢ አትተኚ። ይሄን ስጽፍ እናትሽን እየመሰልኩ እንደሆነ ይገባኛል።

ውሮን በተመለከተ፣ ይቅር በዪኝ። ስድስት ዓመት ለሆናት ልጅ እውነቱን መንገር እንዴት እንደሚጀመር አላወቅኩም ነበር። በኋላም እያደር ከበደ። ሠርግሽ ቀን ልነግርሽ ነበር፣ ሠርግ ላይ የድመት ሞት አይወራም ብዬ ተውኩት። እናትሽ ታውቃለች። ሌሊት በሩን ስከፍት ትሰማኝ ነበር። የጣሳውን ክዳን እስካሁን አልጣለችውም፤ አዝራር ታስቀምጥበታለች።

እሑድ እመጣለሁ። ሽቦውን፣ ሲሚንቶውንና ባትሪውን ይዣለሁ። አንቺ ምድጃውን ከግድግዳው ሳቢልኝ፣ ወገቤ እንደ ድሮው አይደለም። ማሙሽን ሳሚልኝ።

መርዙን ሳታነሺው እዚህ ከደረስሽ፣ ተመልሰሽ ሂጂ።

አባትሽ