ጀልባዋን ለመሸጥ አትቸኩል

ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ?

ስንት ጊዜ ተጠፋፋን! ደብዳቤህን ሳይ መጀመሪያ ደነገጥኩ። ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ምን ክፉ ወሬ መጣ ብዬ ነው። ለካስ ጀልባ ገዝተሃል። እንኳን ደስ አለህ! ማን ማንን እንደረሳ ሌላ ቀን እንከራከራለን። ስለ ጤናህም፣ ስለ ልጆቹም ገና ብዙ እጠይቅሃለሁ። አሁን ግን «ሸጬ ልገላገላት ነው» ያልከው ነገር አላስተኛኝም።

አትሽጣት። የጻፍክልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ብልሽት አልታየኝም፤ ያላለቀ ሥራ ነው የታየኝ። አንዳንድ ሻጭ ሞተሩን ከኋላ ሰቅሎ፣ ቦልቱን አጥብቆ «በል ንዳ» ይልሃል። ከዚያች ጀልባና ከአንተ ጭነት ጋር ማስማማቱ ለባለቤቱ ይቀራል።

አፍንጫዋ ከፍ ዝቅ እያለ እንደ ፈረስ ትጋልባለች ያልከው በጣም የታወቀ ችግር ነው። ጀልባ ፍጥነት ስትይዝ ከውሃው ወጥታ በሆዷ የኋላ ክፍል ላይ ብቻ ትንሸራተታለች። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ወደ ውጭ ከመጠን በላይ ዘንበል ካለ አፍንጫዋን ያነሳዋል። ክብደቷ መልሶ ይጥለዋል። እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይወድቃል። መፍትሔው ጣትህ ሥር ነው። የትሪሙን፣ ማለትም የሞተሩን ዝንባሌ የሚቀይረውን፣ ቁልፍ ተጭነህ ሞተሩን ጥቂት ወደ ጀልባዋ አስጠጋው። ስትነሳ እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ አድርገው። ፍጥነት ይዛ ከውሃው ስትወጣ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ልቀቀው። መዝለል ስትጀምር መለስ አድርገው። በቃ።

ወደ ውስጥ ማብዛትም ግን ጥሩ አይደለም። አፍንጫዋ ውሃ ውስጥ ይገባና መሪው ይከብድሃል። በተለይ ማዕበል ከኋላ ሲገፋህ አፍንጫዋ ተተክሎ ድንገት ልትዞርብህ ትችላለች። እኔን ከመዝለሉ ይልቅ ይሄ ነው የሚያስፈራኝ። እባክህ፣ የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ሰውነትህ ላይ ሳታስር አትንዳ።

ትሪሙ ብቻውን ካልፈታው ጭነቱን እይ። ባትሪው፣ የነዳጅ ታንኩ፣ ዕቃው፣ ሰዉ ሁሉ ከኋላ ተከምሮ ይሆናል። አንድ ሰው ወደ ፊት ይቀመጥና ሞክራት። ከወለሉ ሥር የቀረ ውሃ ካለም አውጣው። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፤ ያውም ጋዝ ስትሰጣት ወደ ኋላ የሚሮጥ 100 ኪሎ! ይሄም ሁሉ ተደርጎ ከዘለለች፣ ከውሃ አውጥተህ ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ በሆዷ የመጨረሻ አንድ ሜትር ተኩል ላይ፣ ከፊት ወደ ኋላ አስጠጋበት። ወደ ውጭ አብጦ ከተገኘ መዝለሉን የሚያመጣው እሱ ነው። ያኔ ትሪም ስትነካካ አትዋል፤ ቀጥታ ወደ ሻጩ ሂድ።

ስትጠመዝዛት ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ግን ትለግማለች ያልከው ሌላ ጉዳይ ነው። ፕሮፔለሩ፣ ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባዋን የሚገፋው፣ አየር እየሳበ ነው። መጀመሪያ ከመታጠፍህ በፊት ትሪሙን ትንሽ ወደ ውስጥ መልሰው። ካልተሻለ የሞተሩን ከፍታ ተመልከት። ከፕሮፔለሩ በላይ ሰፊ ጠፍጣፋ ብረት አለ አይደል? ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያ ብረት ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ መሆን አለበት። ለብዙ ጀልባ እስከ 2.5 ሳንቲሜትር ከፍ ቢል ይስማማል። ከዚያ በጣም ካለፈ ሞተሩን አንድ የቦልት ቀዳዳ ዝቅ አድርገው፤ 2 ሳንቲሜትር ገደማ ይወርዳል። ከሚገባው በታች ከሆነ ደግሞ ውሃ ይጎትታል፣ ፍጥነት ይበላል። የጥልቀት መለኪያው ሴንሰርስ የት ነው የተገጠመው? ከፕሮፔለሩ ፊት ለፊት ከሆነ የሚረብሸው እሱም ሊሆን ይችላል።

መሪው ወደ ቀኝ መሳቡ አያስጨንቅህ። አብዛኛው ፕሮፔለር ከኋላ ሲታይ ወደ ቀኝ ስለሚዞር የተለመደ ነው። ብዙ ሞተር ላይ ከዚያ ጠፍጣፋ ብረት ሥር ትንሽ ክንፍ አለች። ቦልቷን አላላና የኋላ ጫፏን ወደሚስብበት ጎን፣ ማለትም ወደ ቀኝ፣ በጥቂቱ አዙራት። አጥብቀህ ሞክር። ትንሽ ዙር ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ፕሮፔለር ለመግዛት ግን አትሩጥ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው፣ መጨረሻ መሆን ሲገባው። አዲስ ሞተር ስለሆነ መጀመሪያ መመሪያው ላይ ያለውን የማለማመጃ ሰዓት ጨርስ። ከዚያ የዘወትር ጭነትህን ይዘህ፣ ትሪሙን አስተካክለህ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ስጥና በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚያሳይ አንብብ። ብዙ ሞተር ላይ ከ5000 እስከ 6000 ነው የሚባለው፤ የአንተን ግን ከመመሪያው እይ። ከዚያ በታች ከቀረ አነስ ያለ ፒች፣ ካለፈ ከፍ ያለ ፒች ያለው ፕሮፔለር ያስፈልግሃል፤ ፒች ማለት ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደ ፊት ሊሄድ የሚገባው ርቀት ነው። የ1 ኢንች ፒች ልዩነት ከ150 እስከ 200 ዙር ይለውጣል።

አደራህን፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አትቀይር። ሁለቱን ከነካህ የትኛው እንዳዳነህ አታውቅም። ወረቀት ያዝ፤ ጭነቱን፣ ትሪሙን፣ ዙሩንና በጂፒኤስ የታየውን ፍጥነት ጻፍ። ንፋሱ እንዳያታልልህ በሄድክበት መንገድ ተመልሰህም ለካ።

ቁጥሮቹን ላክልኝ። ጀልባዋ ከውሃ ስትወጣም ጠፍጣፋው ብረትና የሆዷ ጠርዝ አብረው እንዲታዩ ከጎን ፎቶ አንሳ። የፕሮፔለሩን ጉዳይ ያኔ እንወስናለን። ቤተሰቡን ሁሉ ሳምልኝ።

ወዳጅህ