ለሰሜን ሸዋ ዞን ትምህርት መምሪያ፦ በ3 ዓመቷ 5ኛ ክፍልን ስለጨረሰችው ልጅ

ይድረስ ለሰሜን ሸዋ ዞን ትምህርት መምሪያ
ደብረ ብርሃን

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

በዚሁ ዞን ለ31 ዓመታት አስተምሬ በጡረታ የተገለልሁ መምህር ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ የልጅ ልጄ ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የትምህርት ውጤት ማስረጃ ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል፣ ማሾና ሽንኩርት ከሚመረትበት ቆላ፣ ከምትማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ተሰጥቷት፣ ከእናቷ ጋር አባቷ ወደሚኖርበት ስዊድን ይዛው ሄደች።

ወረቀቱ ያምራል። ማኅተሙ ደማቅ ነው፣ የርዕሰ መምህሩ ፊርማ አለበት፣ በእንግሊዝኛ ተሞልቷል። ለእኛ አንድም ስሕተት የለበትም። 5ኛ ክፍልን በ2015 ማጠናቀቋን ይናገራል። ፓስፖርቷ ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በጃንዋሪ 2012 መወለዷን ይገልጻል። በስዊድኗ ጎተንበርግ ከተማ የተቀበለቻት መምህርት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ብትቀንስ፣ ልጅቱ 5ኛ ክፍልን የጨረሰችው በ3 ዓመቷ ሆነ። ትራንስክሪፕቱ ወደ መሳቢያ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ ያየው የለም።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ መጀመሪያ ላይ ቤተሰቡን ሁሉ አሳቀን። ሳቁ የቆመው የምዘናው ዕለት ነው። ስዊድን ውስጥ ከውጭ አገር የመጣ ልጅ ትምህርት በጀመረ በ2 ወር ጊዜ ውስጥ ዕውቀቱ እንዲመዘን ሕጉ ያዛል። መልካም ሕግ ነው፤ እኛም ቢኖረን ደስ ይለኛል። ታዲያ በዚያ ምዘና ላይ መምህርቷ የሰዓት ሥዕል አሳየቻት። አጭሩ ቆጣሪ 8 ላይ፣ ረጅሙ 12 ላይ ነው። ስንት ሰዓት ነው ስትላት ልጅቱ ሳታመነታ በእንግሊዝኛ “ሁለት” አለች። ቀጠለች፤ አጭሩ ቆጣሪ 3 ላይ ሆነ። “ዘጠኝ” አለች። የቀረቡላትን 5 ሥዕሎች ሁሉ በዚሁ መንገድ መለሰች፣ 5ቱም ተሰረዙ። ሰዓት ማንበብ እንደማትችል ተጻፈባትና፣ እዚያ እኩዮቿ 5ኛ ክፍል ሲሆኑ እሷ በአንድ ዓመት ዝቅ ብላ 4ኛ ክፍል ተመደበች።

እዚህ ከ58 ተማሪዎች 4ኛ የወጣች ልጅ ናት። እዚያ በረፍት ሰዓት ካፖርት ከሚሰቀልበት ኮሪደር ጥግ ብቻዋን መቀመጥ ጀመረች። ቆላ ያደገች ልጅ ስለሆነች ብርዱ ነው ያኮራመታት ብለን ነበር። የኅዳር ቀን ደግሞ በዚያ አገር ገና በ10 ሰዓት ገደማ መጨለም ይጀምራል። አንድ ቀን ስልክ ላይ “አባባ፣ ማባዛት እኮ እችላለሁ፤ የሚጠይቀኝ ሰው ነው ያጣሁት” አለችኝ። ብርዱ አልነበረም።

ችግሩን የፈታው የአማርኛ አስተማሪዋ ነው። ስዊድን ውስጥ በአንድ ከተማ አስተዳደር ቢያንስ 5 ልጆች ካሉና አስተማሪ ከተገኘ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በመደበኛነት ይሰጣቸዋል። ሰውየው የወሎ ልጅ ነው። የሰዓቱን ምዘና ሲያይ ሳቀና “በየመልሷ ላይ 6 ደምሩበት፤ አንዱንም አልሳተችም” አላቸው። በማግስቱ ክፍልፋይና ማባዛት በአማርኛ ፈተናት። በሁለተኛው መንፈቅ 5ኛ ክፍል ገባች። አሁን ደህና ናት፤ ስዊድንኛውን ታንበለብለዋለች።

በፈረንጆቹ ላይ መናደዴን አልደብቅም። ንዴቴ ግን ብዙ አልቆየም፤ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት ከሳዑዲ ዓረቢያዋ ጅዳ ከእናቱ ጋር የተመለሰ የ11 ዓመት ልጅ እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። ሀ እና ለን አይለይም። ወረቀትም አልነበረውም። 1ኛ ክፍል አስገባሁት። ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎት እግሩን ወደ መተላለፊያው ዘርግቶ ይቀመጥ ነበር፣ ትንንሾቹ እየዘለሉት ያልፋሉ። አንድ ቀን ደብተር ስሰበስብ ከኋላው ገጽ ላይ በዓረብኛ አኃዝ የተሠራ ሒሳብ አየሁ። አኃዞቹን ስለማላውቃቸው መጫወቻ መስሎኝ ገለጥሁት። በኋላ ዓረብኛ የሚያነብ ጎረቤቴ የነገረኝ የክፍልፋይ ሒሳብ መሆኑን ነው፤ ሁሉም ልክ ነበር። ይህን የሰማሁት ግን ልጁ ከቀረ በኋላ ነው። ፋሲካ ሳይደርስ መምጣቱን ተወ፣ እኔም ቤቱ ድረስ ሄጄ አልጠየቅሁም።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ የሚጽፈው ንጹሕ ሰው አይደለም። በ31 ዓመት ውስጥ ስንት ትራንስክሪፕት በእጄ እንደሞላሁ አላስታውስም፤ ቀኑን በሁለት አቆጣጠር የጻፍሁበት ግን አንድም የለም። አንዳንዶቻችን ከዓመተ ምሕረቱ ጎን “ኢ.ሲ.” የምትል፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን የምታመለክት የእንግሊዝኛ ምልክት እናክልበታለን። ጎተንበርግ ላይ ማን ያውቃታል? አንድ ሰነድ ከአገር እስኪወጣ ድረስ ማኅተም በማኅተም ላይ ይደራረብበታል። ማኅተሙ ሁሉ የሚመሰክረው ወረቀቱ ሐሰተኛ አለመሆኑን ነው፤ ያኛው አንባቢ ይረዳው እንደሆነ የሚጠይቅ ማኅተም የለም።

የምለምናችሁ ብዙ ወጪ የለውም። ከዞኑ ወደ ውጭ ለሚሄድ ልጅ የሚሰጥ ትራንስክሪፕት የልደቱንም የትምህርት ዘመኑንም ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይያዝ። ከጀርባው ለሁሉም የሚሆን አንድ ገጽ ማብራሪያ ይያያዝ፦ ዓመታችን 13 ወር እንዳለው፣ ከፈረንጆቹ በ7 ወይም በ8 ዓመት እንደሚለይ፣ ሁለተኛው ስም የአባት እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ እንዳልሆነ፣ ሰዓታችን ከንጋት እንደሚቆጠር፣ “4ኛ” ማለት ነጥብ ሳይሆን ከክፍሉ ልጆች መካከል የተገኘ ደረጃ እንደሆነ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እናንተን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። ትምህርት የተቋረጠባቸው ወራት ይጻፉ። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በኅዳር 2014 ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የቆላው ልጅ በየአቅጣጫው ተሰደደ። በልጅ ልጄ ወረቀት ላይ የእነዚያ ሁለት ዓመታት አማካይ ውጤት ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተደርድሮ ተቀምጧል። እውነቱ መጻፉ ልጁን ዝቅ ያደርገዋል ብላችሁ አትስጉ። መዛኙ ምክንያቱን ካላወቀ፣ የጎደለውን ሁሉ ከልጁ ስንፍና ይቆጥረዋል።

የአማርኛ መጽሐፉንም ነገር አስቡበት። ሰኔ ላይ መጽሐፍ ስለሚመለስ ልጅቱ ባዶ እጇን ሄደች፣ የወሎው ሰው አሁንም በፎቶ ኮፒ ነው የሚያስተምራት። ዋጋው ይከፈልና የሚሄደው ልጅ መጽሐፉን ይዞ ይሂድ።

ከዓረብ አገር ለሚመለሱትም፣ ክፍል ከመመደባቸው በፊት ቢያንስ ሒሳቡን በሚያውቁት ቋንቋ ይፈተኑ። ዓረብኛ የሚያነብ ሰው በሸዋ ሮቢትም በአጣዬም አይጠፋም። እኔ ከደጃፌ አላጣሁትም ነበር፤ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

የአንዱን ገጽ ማብራሪያ ረቂቅ በእንግሊዝኛ ጽፌ ጨርሻለሁ። የፊታችን ሰኞ ለመዝገብ ቤታችሁ አስገባለሁ። የሚታረም ካለው ቁጭ ብለን እናርመው፤ ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ። የምመጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፣ በእኛው አቆጣጠር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ መምህር