ጎርጎራን በድሮ ካርታ ስንለካ የሚያሳስቱን 200 ሜትሮች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የጣና ዳርቻ ሸሸ ወይስ ገፋ በሚለው ክርክር የድሮ ቶፖግራፊ ካርታ እንደ ማስረጃ መቅረቡ ደስ ያሰኛል። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት የ1፡50,000 ካርታዎች (በወረቀቱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 50 ሜትር የሆነባቸው) ዳርቻውን፣ ረግረጉን፣ አብያተ ክርስቲያናቱንና የእግር መንገዱን በአንድ ወረቀት ላይ ይዘዋል። እንደ ጎርጎራ ላለች ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ ይህን ያህል ዝርዝር የያዘ ሌላ የቆየ ሰነድ ማግኘት ከባድ ነው። ችግሩ ካርታው በሳተላይት ምስል ላይ ሲነባበር ነው። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ የሚገባው ስሕተት ከሚፈለገው ለውጥ ራሱ ይበልጣል።

ካርታዎቹ የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የቦታ ቁጥሮች የሚለኩበት መነሻ ሥርዓት)፣ በክላርክ 1880 ኤሊፕሶይድ (የምድርን ቅርጽ በሚወክል ስሌት) ላይ ነው። ስልካችንም ሆነ የሳተላይት ምስሉ የሚሠሩት ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ሌላ ዳተም ነው። ሁለቱም ዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚገልጽ የካርታ አሠራር) ዞን 37 ስለሚሉ ቁጥሩ አንድ ይመስላል፤ ግን አንድ አይደለም። በጎርጎራ አካባቢ ከካርታው ግሪድ (በላዩ ከታተመው የአራት ማዕዘን መስመሮች መረብ) የተነበበውን ቁጥር ጂፒኤስ ወደሚያውቀው ለመቀየር በምሥራቁ ቁጥር ላይ 95 ሜትር ገደማ፣ በሰሜኑ ላይ 205 ሜትር ገደማ መደመር አለበት። በወረቀቱ ላይ ይህ 2 ሚሊ ሜትርና 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዓይን ሲታይ ኢምንት ነው። መሬት ላይ ግን ከ220 ሜትር በላይ ነው።

ይህ ማስተካከያ ሲዘለል ምን እንደሚሆን ልብ በሉ። የካርታው ዳርቻ ከእውነተኛ ቦታው ወደ ደቡብ ይወርዳል። ጎርጎራ በሐይቁ ሰሜን ዳር ስላለች የድሮው ዳርቻ ዛሬ ውሃ ውስጥ ይታያል፤ ተመልካቹም «ሐይቁ 200 ሜትር መሬት በላ» ይላል። በዚያው ስሕተት ባሕር ዳር ላይ፣ ማለትም በደቡቡ ዳርቻ፣ የድሮው መስመር የብስ ላይ ይወድቃልና «ሐይቁ 200 ሜትር ሸሸ» ይባላል። አንድ ሐይቅ በአንድ ጊዜ በሰሜን ሞልቶ በደቡብ ሲጎድል ካያችሁ ዳተሙን ጠርጥሩ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ካርታው በሳተላይት ምስሉ ላይ የተሰካው በግሪዱ ሳይሆን በኅዳጉ ላይ በተጻፉት የኬክሮስና የኬንትሮስ ዲግሪዎች ከሆነ የስሕተቱ መጠን ይለወጣል፤ ወደ 125 ሜትር ይሆናል። ሁለት ሰዎች አንድ ካርታ ይዘው የተለያየ መልስ የሚያመጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በኪውጂአይኤስ (የካርታ ሥራ ሶፍትዌር) ለሚሠራ ሰው አካሄዱ እንዲህ ነው። ወረቀቱ በስልክ ካሜራ አይነሣ፤ ሌንሱ ጠርዙን ያጎብጠዋል። በትልቅ ስካነር በ400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 400 ነጥብ) በቀለም ሲነሣ አንዷ የምስሉ ነጥብ መሬት ላይ 3 ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ ይበቃል። ማሰሪያ ነጥቦቹ (ካርታው ከትክክለኛ ቦታው ጋር የሚያያዝባቸው) የኪሎ ሜትር ግሪዶቹ መገናኛዎች ይሁኑ። አራቱን ማዕዘን ብቻ መያዝ አይበቃም፤ በወረቀቱ ላይ የተበተኑ ከ12 እስከ 16 ነጥቦች ያስፈልጋሉ። ወረቀት በእርጥበት ይለጠጣል፣ በእጥፋቱ ይሸበሸባል፤ በ2 ሚሊ ሜትር ከተሳበ 100 ሜትር ጠፋ ማለት ነው። ነጥቦቹ ሲገቡ የሚመረጠው ሥርዓት አዲንዳን ዩቲኤም 37 ሰሜን፣ በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው መለያ ቁጥሩ ኢፒኤስጂ 20137 ነው። ወደ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ሥርዓት፣ ማለትም ወደ 32637፣ ሲቀየር ሶፍትዌሩ በርካታ የማሸጋገሪያ አማራጮች ያቀርባል፤ የኢትዮጵያው −165፣ −11 እና 206 ሜትር የሚለው ነው። ግምታዊ የሚለው አማራጭ ከተወሰደ ያ የ125 ሜትር ስሕተት ተመልሶ ይመጣል። የነጥቦቹ አማካይ ስሕተት ከ15 ሜትር በላይ ከሆነ የተሳሳተውን ነጥብ ፈልጎ ማረም እንጂ ወደ ሦስተኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል (ካርታውን እያጣመመ ነጥቦቹን የሚያገጥም ስሌት) መሸሽ አይገባም፤ እሱ ስሕተቱን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። መጨረሻ ላይ ድንጋያማ በሆነ ባሕረ ገብ መሬት ጫፍ ወይም በማይነቃነቅ መንገድ መገናኛ ማረጋገጥ ነው። በጎርጎራዋ ደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን የመስቀል ምልክት ብቻ ማረጋገጥ አይበቃም፤ ምልክቱ ከሕንፃው ይበልጣልና። በነገራችን ላይ ጎርጎራ የካርታው ወረቀት ለሚያበቃበት ለ12 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ ጠርዝ በጣም ስለምትቀርብ ከከተማዋ በስተ ሰሜን ያለውን መሬት የሚፈልግ አጎራባቹን ካርታም መያዝ አለበት።

ቦታው ከተስተካከለ በኋላ የውሃው ጉዳይ ይመጣል። በካርታው ላይ ያለው ሰማያዊ መስመር ፎቶው ከአውሮፕላን በተነሣበት ቀን የነበረውን ዳርቻ ያሳያል። ጣና በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል፤ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል። በዓመት ውስጥ ያለው ልዩነት 1.5 ሜትር ያህል ነው። መሬቱ በየ200 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ውሃው 1 ሜትር ሲወርድ ዳርቻው 200 ሜትር ይሸሻል፤ በደንቢያና በፎገራ ሜዳ ደግሞ ከዚያ የባሰ ለጥ ያለ ቦታ ሞልቷል። ስለዚህ የጥር ፎቶ ከመስከረም የሳተላይት ምስል ጋር አይወዳደርም። እ.ኤ.አ. በ1996 በዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁን ከፍታ የግድቡ በሮችም ጭምር ይወስኑታል። በኅዳጉ ላይ ከሚገኙት ዓመቶች የሚያስፈልገው ፎቶው የተነሣበት ነው፤ የታተመበት ብዙ ዓመት ሊዘገይ ይችላል።

ደንገሉንም አንርሳ። ደንገል በበዛበት ወሽመጥ ውሃው ከታች ስለሚሸፈን ካርታ ሠሪው የሚያየው የደንገሉን ጠርዝ ነው። እዚያ ዳርቻው በተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር ከተሣለ «እርግጠኛ ወሰን የለውም» ማለት ነው፤ በሜትር ሊለካ አይገባም።

በኮንቱር (እኩል ከፍታን በሚያሳዩት) መስመሮች ዳርቻን ለመወሰን መሞከርም ከንቱ ድካም ነው። መስመሮቹ በየ20 ሜትሩ ናቸው፤ ሐይቁ ያለው 1,786 ሜትር አካባቢ ነው። 1,780 ከውሃው በታች ይቀራል፤ ቀጣዩ 1,800 ነው። በመካከላቸው ባለው ለጥ ያለ መሬት ላይ ካርታው ስለ ከፍታ የሚናገረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። አግድሙም ቢሆን በጥሩ ካርታ ላይ እንኳ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 25 ሜትር፣ ሊሳሳት ይችላል፤ ከዚህ ያነሰ ለውጥ ከዚህ ካርታ አይወጣም።

ዳርቻው ላይ የሚያርሱ፣ የሚያሠግሩና ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ይዞታቸው የሚወሰነው በእነዚህ መስመሮች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጋዜጣችሁ የድሮ ካርታና የአዲስ ምስል ንጽጽር ሲያትም ከሥሩ ዳተሙን፣ የአየር ፎቶውን ወርና ዓመት፣ የሳተላይት ምስሉን ቀን፣ በሁለቱም ቀናት የነበረውን የሐይቁን ከፍታ እንዲያሰፍር በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከፍታው ካልተገኘ «አልተገኘም» ተብሎ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የካርታ ባለሙያ