ከግርጌ የታየ ወንዝ፦ የጂኦግራፊ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን በየዓመቱ አንድ አገር ይመርጣል። ዓመቱን ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ ከክፍል በኋላ ስለዚያ አገር እናነባለን፣ ካርታ እንሥላለን፣ እንከራከራለን። ዘንድሮ ባንግላዴሽን መረጥን። መስከረም መጨረሻ ላይ ስሟን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ ከ26ቱ አባላት አብዛኞቹ የሚያውቋት በልብስ ብቻ ነበር። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሹራቧን አንገት ገልብጣ «ቲቸር፣ እዚህ ላይ ተጽፏል» አለችኝ።

እኔ የመረጥኳት በሌላ ምክንያት ነው። እኛ የራስጌ አገር ልጆች ነን። ትልልቆቹ ወንዞቻችን ከኛ ይነሣሉ እንጂ ከሌላ አገር ወደኛ አይመጡም። ስለዚህ ስለ ወንዝ ስናወራ ሁሌም ከላይ ሆነን ነው። ባንግላዴሽ ግን ግርጌ ናት። የጋንጅስ፣ የብራህማፑትራና የሜግና ውኃ ከሚሰበሰብበት መሬት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከድንበሯ ውጭ ነው። ከጎረቤት ጋር የምትጋራቸው ወንዞች 57 ናቸው፤ 54ቱ ከህንድ፣ 3ቱ ከማይናማር ጋር። ስፋቷ 148,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኢትዮጵያ ከሰባት እጥፍ በላይ ትበልጣታለች። በዚያች መሬት ላይ 170 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖራል። ልጆቻችን ዓመቱን ከዚያ ሆነው ወንዝን እንዲያዩ ፈለግኩ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የባንግላዴሽ ዓመታትና ወራት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ሥራችን የግድግዳ ካርታ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ለሚኒ ሚዲያው ኤግዚቢሽን ሁለት ቀን ሲቀረን አንድ ልጅ ካርታው ፊት ቆሞ ቀረ። ጋንጅስንና ፓድማን ሁለት ወንዝ አድርገን ሥለን ነበር። እኔም አላየሁትም። ጋንጅስ ወደ ባንግላዴሽ ሲገባ ፓድማ ይባላል። ብራህማፑትራም እዚያ ጃሙና ነው። ሁለቱ ይገናኙና ፓድማ እንደተባሉ ወርደው ቻንድፑር አጠገብ ከሜግና ይቀላቀላሉ። ከዚያ እስከ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ያለው ውኃ ሜግና ይባላል። ልጁ ሲያስረዳን «ዓባይስ ሱዳን ሲገባ ባሕር አል አዝረቅ ይባል የለ?» አለ። ካርታውን ቀደን አልጣልነውም። በቀይ ማርከር አረምነው፤ እርማቱ እንደታየ ተሰቀለ።

ኅዳር ላይ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው አትክልተኛችን ከችግኝ ጣቢያው ጀርባ አንድ ጥግ ሰጡን። አሸዋና አፈር ቀላቅለን ዘቅዘቅ ያለ ሜዳ ሠራን። በላዩ ላይ የከተሞችን ስም የያዙ ትንንሽ የወረቀት ባንዲራዎች ተከልን። ከዚያ የጋሼን ጎማ በቀስታ ለቀቅን። ውኃው መጀመሪያ አንድ ቦይ ይዞ ወረደ። አሸዋውን እየተሸከመ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ደግሞ እያራገፈ፣ የራሱን መንገድ ራሱ ደፈነ። ለሃያ ደቂቃ ያህል ምንም የተለየ ነገር አልታየም። አንዳንዶቹ ስልካቸውን ማየት ጀምረው ነበር። ድንገት ውኃው በግራ በኩል ሰብሮ ወጣ። ማይመንሲንግ ያልናት ባንዲራ ደረቅ ቦይ ዳር ቀረች፤ ሌላ ሁለት ባንዲራ ተጠራርጎ ሄደ። ልጆቹ ጮኹ።

በእውነትም የሆነው እንደዚህ ነው። ብራህማፑትራ ድሮ በማይመንሲንግ በኩል ያልፍ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ግን ወደ ምዕራብ አዘነበለና ዛሬ ጃሙና በሚባለው መንገድ መውረድ ጀመረ። በአሮጌው ወንዝ ዳር አሁን የባንግላዴሽ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። የተመሠረተው በ1961 ነው። ጋሼ ጎማውን እየዘጉ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቻር ማስረዳት አላስቸገረኝም። ቻር ማለት ወንዙ ደለል ከምሮ የሚሠራው ደሴት ነው። ሰው ይሰፍርበታል፣ ያርስበታል፤ ወንዙ ሲፈልግ ደግሞ መልሶ ይበላዋል። መሬቱ እንዲህ በሚገለባበጥበት አገር ትምህርት ቤት ምን ይሆናል? ሞሐመድ ሬዝዋን የተባለ አርክቴክት ከ2002 ጀምሮ በጀልባ ላይ ትምህርት ቤት እየሠራ ነው። ጀልባዋ ልጆቹን ከየደጃቸው ትሰበስብና መልሕቅ ጥላ ክፍል ትሆናለች። መብራቷ ከፀሐይ ነው። ከመገናኛ በሁለት ታክሲ የሚመጣ አንድ ተማሪያችን «ትምህርት ቤቱ ራሱ መጥቶ ይወስድሃል ማለት ነው?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ።

ስለ ዩኒቨርሲቲዎቹ ብዙ አነበብን፤ እዚህ ግን አላበዛም። ራጅሻሂ በ1953፣ ቺታጎንግ በ1966 ተቋቋሙ። የቺታጎንግ ተማሪዎች ከከተማ ወደ ግቢያቸው የሚሄዱት በራሳቸው ባቡር ነው። ዳካ ዩኒቨርሲቲ ግን ሁለት ሳምንት ወሰደብን፤ ይገባዋልም። የተከፈተው በ1921 ነው። በ1924 እዚያ ፊዚክስ ያስተምር የነበረው ሳትዬንድራ ናት ቦዝ አንድ ጽሑፍ ለአይንስታይን ላከ። አይንስታይን ራሱ ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ አሳተመለት። ቦዞን የሚባሉት ቅንጣቶች ስማቸውን ያገኙት ከእሱ ነው። ይህን ሲሰሙ የፊዚክስ ክበብ ልጆች በራሳቸው ተነሣሽነት መጥተው ተቀላቀሉን።

የዩኒቨርሲቲውን ስም በዓለም ያስጠራው ግን ቋንቋ ነው። ባንግላዴሽ ያኔ የፓኪስታን ምሥራቃዊ ክፍል ነበረች፤ ሕዝቧ ቤንጋሊ ቢናገርም መንግሥት ኡርዱን ብቻ የመንግሥት ቋንቋ ሊያደርግ ፈለገ። የካቲት 21 ቀን 1952 ተማሪዎች የተጣለውን የሰልፍ ክልከላ ጥሰው ወጡ። ፖሊስ ተኮሰ፤ ወጣቶች ሞቱ። ጓደኞቻቸው በሌሊት ሐውልት አቆሙላቸው፤ በቀናት ውስጥ ፈረሰ፤ ዛሬ በቦታው ትልቁ ሻሂድ ሚናር፣ የሰማዕታት ሐውልት፣ ቆሟል። በየዓመቱ በዚያ ቀን ሕዝቡ በባዶ እግሩ አበባ ይዞ ይሄዳል። ዩኔስኮ ቀኑን የዓለም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ብሎ የሰየመው በ1999 ነው። ቀኑን ወደኛ ስንቀይረው የካቲት 14 ሆነ፤ ከየካቲት 12 የሰማዕታት ቀን ሁለት ቀን በኋላ። ልጆቹ ይህን ራሳቸው ቆጥረው ሲያገኙት ክፍሉ ጸጥ አለ።

ዓርብ ጠዋት፣ የካቲት 14፣ ሰልፍ ላይ ስድስት ተማሪዎች በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሰላምታ አቀረቡ፦ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በጉራጊኛ፣ በስልጢኛና በወላይትኛ። የመጨረሻው የ10ኛ ክፍል ልጅ ማይክሮፎኑን ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግቢያችን ከገባ ጀምሮ በቋንቋው ተናግሮ አያውቅም። ሰላምታውን ሲጨርስ፣ ከሰልፉ ጀርባ መጥረጊያ ይዘው የቆሙ የጽዳት ሠራተኛችን በዚያው ቋንቋ ጮክ ብለው መለሱለት። ልጁ ሳቀ። እኔ በዚህ ክበብ ስሠራ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም።

መጋቢት ላይ ወደ ጤና ዞርን። በየጤና ጣቢያው ለተቅማጥ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ኦአርኤስ፣ ታሪኩ ከዳካ ጋር የተያያዘ ነው። በ1960 እዚያ የኮሌራ ምርምር ላቦራቶሪ ተቋቋመ። በ1968 ተመራማሪዎች የኮሌራ ሕሙማን ጨውና ስኳር ያለበት ውኃ በመጠጣት የሚያጡትን ፈሳሽ አብዛኛውን መተካት እንደሚችሉ አሳዩ። ምሥጢሩ ስኳሩ ላይ ነው፤ በአንጀት ግድግዳ ሲያልፍ ጨውን ይዞ ያልፋል፣ ውኃም ይከተላቸዋል። ከ1980 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ብራክ የተባለው ድርጅት ሴት ሠራተኞችን ቤት ለቤት ላከ። እናቶችን ያስተማሩት በእጅ ነው፦ በሦስት ጣት አንድ ቁንጥር ጨው፣ አንድ ጭብጥ የሸንኮራ ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤት ደረሱ። የሠራተኞቹ ክፍያ እናቶቹ በኋላ ሲጠየቁ ባስታወሱት ልክ ነበር። እኛ መምህራን ይህን ቁጭ ብለን ብናስብበት እወዳለሁ። በላቦራቶሪያችን ሚዛን የ15 ተማሪዎችን ቁንጥር መዘንን። የአንዱ የሌላውን እጥፍ ሆነ። ጨው ከበዛ አደገኛ ስለሆነ፣ እነዚያ ሴቶች ለምን ደጋግመው ያለማምዱ እንደነበር ያኔ ገባን።

ክርክራችን ስለ ፋራካ ነበር። ህንድ ከድንበሩ ብዙም ሳይርቅ በጋንጅስ ላይ የሠራችው ግድብ በ1975 ሥራ ጀመረ። ዓላማው ውኃ ወደ ሁግሊ ወንዝ መልሶ የኮልካታን ወደብ ከደለል ማዳን ነው። በታች ያለው ገበሬ በበጋ ውኃ አነሰኝ አለ። ወንዝ በሞላበት አገር «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረታችን እዚያም ይሠራል። በታኅሣሥ 1996 ሁለቱ አገሮች ከጥር እስከ ግንቦት ያለውን የደረቅ ወራት ውኃ የሚካፈሉበትን የ30 ዓመት ስምምነት ፈረሙ። ዘመኑ በ2026 መጨረሻ ያበቃል። የመጀመሪያው ሳምንት ግማሹ ህንድን፣ ግማሹ ባንግላዴሽን ወከለ። በሁለተኛው ሳምንት ቦታ አቀያየርኳቸው። የክበቡ ሰብሳቢ መጀመሪያ «ከላይ ያለ ይቅደም» ብላ አዳራሹን አስጨብጭባ ነበር። በሳምንቱ ግርጌ ስትቆም «ቲቸር፣ ባለፈው ያልኩት ከበደኝ» አለችኝ። አንዳንድ ወላጆች ልጆቻችን የሌላ አገር ጠበቃ ሆኑ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አልሆኑም። ነገ ስለ ዓባይ የሚደራደር ሰው ከዚህ ግቢ ከወጣ፣ ከፊቱ የተቀመጠው ሰው የሚፈራውን አውቆ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ።

ፍርድ ቤቱን ሳልጠቅስ አላልፍም። በ2019 የባንግላዴሽ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የዳካውን ቱራግ ወንዝና የአገሪቱን ወንዞች ሁሉ በሕግ እንደ ሰው የሚቆጠሩ ናቸው ብሎ ወሰነ። አሳዳጊያቸው ብሔራዊ የወንዞች ጥበቃ ኮሚሽን ሆነ። ከዳካ ሥር የሚያልፈው ቡሪጋንጋ ለብዙ ዓመታት የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ሲደፋበት ኖሯል። ፋብሪካዎቹ በ2017 ወደ ሳቫር ቢዛወሩም አዲሱ ቦታቸው ደግሞ የዳሌሽዋሪ ወንዝ ዳር ነው። ግንቦት ላይ የራሳችንን ችሎት አቆምን። ከሳሹ ከግቢያችን ጀርባ የሚያልፈው ቀበና ነበር። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ወንዙን ወክዬ» ብሎ ቆሞ፣ በጠርሙስ የቀዳውን ጥቁር ውኃ ዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ክዳኑን ሲከፍት የፊተኛው መደዳ ወንበሩን ወደኋላ ገፋ። ፍርዱ ሳይሰጥ ደወል ተደወለ፤ መዝገቡ ለመስከረም ተቀጥሯል።

ባንግላዴሽ ከ1972 ጀምሮ የጎርፍ ትንበያና ማስጠንቀቂያ ማዕከል አላት። በየወንዙ ዳር የውኃውን ከፍታ ከተተከለ መለኪያ አንብበው የሚልኩ ሰዎች አሉ። እኛም የሦስት ሜትር አጣና በየ10 ሴንቲሜትሩ ቀይና ነጭ ቀብተን ከድልድዩ ምሰሶ ጋር አሰርን። ረቡዕ ሰኔ 11 ያነበብነው 41 ሴንቲሜትር ነው። ክረምቱን ጋሼ ጠዋት ጠዋት አይተው በደብተር ሊመዘግቡልን ተስማምተዋል። ደብተሩና እስክሪብቶው ዘብ ቤት መስኮት ላይ ነው።